ዋናውን አትንኩት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ቡራዩ ወዳለችው ፎቶ ቤቴ መጣች። የእናቷ ሙት ዓመት ደርሷል፤ ሳሎን የሚሰቀል 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ፎቶ ፈልጋለች። የያዘችው ከእናቷ የዋትስአፕ ፕሮፋይል ላይ ያወረደችውን ነው። «ጋሼ፣ ስልኬ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሲታጠብ ለምን ይደበዝዛል?» አለችኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቼ መጠኑን አየሁት፦ 640 በ640 ነጥብ። ነጥብ የምለው ፎቶው የሚሠራባቸውን ጥቃቅን ነጠብጣቦች፣ ፒክስል የሚባሉትን ነው። ያንን ቁጥር ሳይ ምላሴ ተሳሰረ።

በ1998 ዓ.ም. ነው። ከፊልም ወደ ዲጂታል ገና መዞሬ ነበር። ካሜራዬ ኒኮን ዲ70፣ 6 ሜጋፒክስል፤ አንዱ ፎቶ 3008 በ2000 ነጥብ ይወጣዋል። የሰፈራችን አናጺ ልጃቸውን ሲድሩ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሙሽሮቹን በገፈርሳ መንገድ ባሕር ዛፉ ሥር ሳነሳ ውዬ ማታ ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ። አናጺው ፎቶ አይወዱም፤ ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። የዚያን ዕለት ግን ጋቢያቸውን አጣፍተው ደጃፉ ላይ ቆመው ሳለ አንዴ ቀና ብለው አዩኝ። ያገኘኋት አንዲት ፎቶ እሷው ናት።

አሜሪካ ያለው የሙሽሪት ወንድም ፎቶው በኢሜይል ይላክልኝ አለ። ያኔ ኢንተርኔት በስልክ መስመር ነው። 3 ሜጋባይት የሚሆን አንድ ፎቶ በጥሩ ቀን ሰባት ስምንት ደቂቃ ይፈጃል፤ መስመሩ መሐል ላይ ከተቆረጠ እንደገና ከሀ ይጀመራል። ስለዚህ ፎልደሩን በሙሉ በፎቶሾፕ ወደ 640 አሳነስኩትና በላዩ ላይ ሴቭ አደረግሁት። ሌላ ቅጂ አላስቀረሁም። እንዲያውም ሃርድ ዲስኩ ቦታ ተረፈው ብዬ ደስ አለኝ። ሚሞሪውንም ለሚቀጥለው ሠርግ አጸዳሁት።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ አናጺው በድንገት አረፉ። ሌሊት ያቺው ሙሽራ በሬን አንኳኳች፤ ለቀብር የሚያዝ ፎቶ እስከ ጠዋት ይድረስልኝ አለች። ፋይሉን ከፍቼ ከደረታቸው በላይ ስቆርጠው ወርዱ 200 ነጥብ ብቻ ቀረ። እሱን 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ዘርጉት፤ ለአንድ ሴንቲ ሜትር 7 ነጥብ እንኳ አይደርሰውም። በደንብ የታጠበ ፎቶ 118 አካባቢ አለው፤ የሙያው ሰው በኢንች 300 የሚለው ማለት ነው። እስኪነጋ አሳደግሁት፣ አጠራሁት፣ ጥላውን አነሳሁት። ኮምፒውተር የሌለውን ነጥብ በግምት ይሞላል፤ ግምቱ ግን የሳቸው ፊት አልነበረም። ዋናው ቢኖር 31 ነጥብ ይደርሰው ነበር። ድንኳን ውስጥ ከአምስት እርምጃ ለሚያየው ሰው ይበቃል።

ጠዋት ፎቶው በፍሬም ተቀመጠ። ባለቤታቸው ተደግፈው መጡና ፊት ለፊቱ ቆሙ። መስተዋቱ ጭጋግ የያዘ መስሏቸው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ቀረብ ብለው አዩት፤ ደግመው ጠረጉት። «ዓይኑን ምን ነካው?» አሉ። የሚመልስላቸው አልነበረም። እኔ ከዕድርተኞቹ ኋላ ቆሜ ነበር። ጥፋቱ የኔ መሆኑን አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም ካረፉ ቆዩ።

ለዚያች ልጅ የመለስኩላትን ለእናንተም ልጻፈው። የስልክ ስክሪን ወርዱ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 640 ነጥብ እዚያ ላይ ሲታጨቅ ለአንድ ሴንቲ ሜትር 90 ይደርሰዋልና ጥርት ይላል። ያው 640 ግን 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲዘረጋ 21 ይሆናል። ነጥቡ አልጨመረም፤ ተበተነ እንጂ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ፋይሉ ላይ በኢንች 72 የሚለውን ቁጥር 300 ብላችሁ ጽፋችሁ ታመጡልኛላችሁ። እሱ አታሚው በምን መጠን ይዘርጋው የሚል ማስታወሻ ነው፤ አንድም ፒክስል አይወልድም።

ኢንተርኔት ላይ ለመለጠፍ ትንሽ ይበቃል፤ ለኢንስታግራም ወርዱ 1080 ሆኖ በደንብ ይታያል። የምታሳንሱት ግን ቅጂውን ይሁን። በቴሌግራም ፎቶ እንደዋዛ ስትልኩ ረጅሙን ጎን ብዙ ጊዜ ወደ 1280 ያወርደዋል፤ ለማሳጠብ ከሆነ በፋይል ላኩት። በፋይል የተላከ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ ጭምር ይዞ ሊሄድ ይችላልና ለማታውቁት ሰው እንዲህ አትላኩ።

ሙያውን ያስተማረኝ ሰው ኔጌቲቮቹን፣ ፎቶው ወረቀት ላይ የሚታተምባቸውን ዋናዎቹን ፊልሞች፣ በቢስኩት ቆርቆሮ እየደረደረ ከአልጋው ሥር ያስቀምጥ ነበር። ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በቀዩ መብራት፣ «ወረቀቱ ይበላሽ፤ ኔጌቲቩን እንዳትነካ» ሲለኝ ለፊልም ብቻ የሚናገር ይመስለኝ ነበር። እናንተ በአንድ ልደት አራት መቶ ፎቶ ታነሳላችሁ፤ አንዱንም አታሳጥቡም። ስልክ ሲጠፋ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። ዋናውን አትንኩት እያልኩ እንዲህ ማለቴ ይጋጭ ይሆናል፤ ግን ከአራት መቶው አሥሩን መርጣችሁ፣ ሌላውን ደምስሳችሁ፣ አሥሩን ሁለት ቦታ ብታስቀምጡ እመርጣለሁ።

ልጅቷን ፎቶውን ማን እንዳነሳው ጠየቅኋት። ዱባይ ያለው ወንድሟ ነው፤ ለፋሲካ መጥቶ ሳለ በስልኩ። ደወለችለት፤ አልደመሰሰውም። ማታውን በፋይል ላከው፦ 3024 በ4032፤ በሴንቲ ሜትር 100 ነጥብ። ከፍቼ ሳጎላው የነጠላው ጥለት ክሩ ይቆጠራል። ከቅንድባቸው ሥር አንዲት ቀጭን ጠባሳ ወጣች። ልጅቷ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «ይቺን እኮ ረስቻት ነበር» አለች። ሳልነካካው እንዳለ አጠብኩላት።