ከሕግ ትምህርት ቤት በፊት የጉድጓድ መዝገብ

ውድ ጠያቂ፣

የጂኦሎጂ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ መሆንሽን፣ በአሜሪካ የፌዴራል መሬት ላይ በአንድ ቦታ የማዕድንና የጂኦተርማል (ከመሬት በታች ያለን ሙቀት ለኃይል የማዋል) ሊዝ የያዙ ባለመብቶችን በማስማማት ሥራ መሠማራት እንደምትፈልጊ፣ አባትሽ ግን የትምህርት ወጪሽን የሚሸፍኑት ሕግ ካጠናሽ ብቻ መሆኑን ጽፈሽልኛል። እኔ አሁን ሕግ ትምህርት ቤት እንድትገቢ አልመክርሽም።

የ1970ው የአሜሪካ የጂኦተርማል ሕግ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እ.ኤ.አ. ነው) ሁለቱ ሊዞች በተቻለ መጠን በአንድ መሬት ላይ ጎን ለጎን እንዲኖሩ ይፈቅዳል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ያለ አግባብ እንዳያደናቅፍም ይከለክላል። ጠቡ የሚነሣው «ያለ አግባብ» ከሚለው ቃል ነው፤ ልኩም የሚታወቀው ከመሬት በታች በተወሰደ ልኬት ነው። የማዕድን ማውጫው እንዳይጥለቀለቅ የከርሰ ምድር ውኃ ያለማቋረጥ ሲሳብ የውኃው ወለል ይወርዳል፤ የድንጋዩ ስንጥቆች ሁለቱን ቦታዎች የሚያገናኙ ከሆነም የጂኦተርማሉ ክምችት ግፊት አብሮ ሊቀንስ ይችላል። ይሁንና የኃይል ማመንጫው ራሱ ከሚገባው በላይ እንፋሎት ሲያወጣም ግፊቱ ይቀንሳል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለመለየት ሁለቱም ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የተመዘገበ የግፊት፣ የሙቀትና የውኃ ኬሚስትሪ ልኬት ያስፈልጋል።

ይህን አጥብቄ የምናገረው ሥራ የጀመርኩት በቁፋሮ ቦታ የድንጋይ ናሙና መዝጋቢ ሆኜ ስለሆነ ነው። ኋላ በተገኘሁበት አንድ ድርድር ሁለቱም ወገኖች ጠበቆቻቸውን ይዘው መጡ፤ የመነሻውን ልኬት ግን የያዘ አልነበረም፤ ወራት የፈጀው ንግግርም ያለ ስምምነት ተበተነ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሕግን ዋጋ አላሳንስም። በ1916ቱ ሕግ ለከብት እርባታ ሰፋሪዎች በተሰጠ መሬት ላይ መንግሥት ለራሱ ያስቀረው የማዕድን መብት ጂኦተርማልንም እንደሚጨምር በ1977 የዘጠነኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ሲወስን፣ ባለቤቱን የለየው የሕግ ትርጓሜ ነበር። ባለቤቱ ከታወቀ በኋላ ግን ሁለቱን ሥራዎች ማን እንዴት አብሮ ያስኬዳቸው የሚለው ጥያቄ ይቀራል።

አባትሽ ስለ ገቢሽ ማሰባቸው ተገቢ ነው፤ ገንዘቡን ስለሚከፍሉ ብቻ ሙያሽን መምረጣቸው ግን ተገቢ አይደለም። በእሳቸው ወጪ ለማትፈልጊው ትምህርት ሦስት ዓመት ከምትሰጪ፣ ደመወዙ መጠነኛ ቢሆንም በቁፋሮ ቦታ ተቀጥረሽ ራስሽን ብትችዪ ይሻላል።

ስለ ሊቲየም ለጠየቅሽው፦ በካሊፎርኒያው የሳልተን ሲ ሐይቅ አካባቢ ማዕድኑ የሚገኘው ለጂኦተርማል ኃይል በሚወጣው ትኩስ ጨዋማ ውኃ ውስጥ ስለሆነ ኬሚስትሪ ይጠቅምሻል። ሁለተኛ ዲግሪ መማሩ ግን ለኋላ ሊቆይ ይችላል።

በቀረሽ የትምህርት ጊዜ ሐይድሮጂኦሎጂ (የከርሰ ምድር ውኃ ጥናት) እና የጉድጓድ ግፊት ፍተሻ ተማሪ። ሁለት ዓመት በመስክ ከሠራሽ በኋላ ሕግ መማር ከፈለግሽ እንደገና ጻፊልኝ፤ ያን ጊዜ የማመልከቻ ደብዳቤሽን አብረን እናዘጋጃለን።