ከ18-55ቱ ቀጥሎ የትኛውን ሌንስ ልግዛ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። ካኖን 250ዲ ካሜራ ከነ18-55 ሌንሱ አለህ (ቁጥሮቹ የሌንሱ የትኩረት ርዝመት በሚሊሜትር ናቸው፤ ሲያንሱ እይታው ይሰፋል፣ ሲበዙ ሩቁን ያቀርባል)። የዘመድ ሰርግ፣ ጥምቀትና ጉዞ ማንሳት ትፈልጋለህ። 55 ስለማይበቃህ 75-300 ልትገዛ አስበሃል። እኔም በዚያው 18-55 ጀምሬ ዘጠኝ ዓመት ሰርግና በዓል አንስቻለሁ። 75-300ውን አትግዛው ባይ ነኝ።

ምክንያቴን ልንገርህ። መጀመሪያ ያነሳሁት የአክስቴን ልጅ መልስ ነው። ማታ ነበር፣ ሳሎን ውስጥ፣ በአንድ አምፖል። 18-55ቱ 55 ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም (ኤፍ የሌንሱን ቀዳዳ መጠን ያሳያል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 ባደርገውም ሻተሩ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/30 ሰከንድ ላይ ቀረ። እስክስታው በሙሉ ደብዝዞ ወጣ። ሌንሱ ማረጋጊያ አለው፤ ግን የሚያረጋጋው ያንተን እጅ እንጂ የጨፋሪውን ትከሻ አይደለም። ያን ማታ ያጠረኝ ብርሃን ነው። ሰዎቹማ አጠገቤ ነበሩ።

ስለዚህ መጀመሪያ 50 ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ግዛ፤ ዙም የለውም፣ ኤስቲኤም የሚባለው የፎከስ ሞተሩ ነው። ከ5.6 አሥር እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ብርሃን ያስገባል። ያ 1/30 ወደ 1/300 ይጠጋ ነበር ማለት ነው። ክብደቱ 160 ግራም ገደማ ነው፤ ዋጋውም ከካኖን ሌንሶች ከረከሱት ውስጥ ነው። ባንተ ካሜራ ትንሽ ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ላይ እይታው ትልቅ ሴንሰር ላይ እንዳለ 80 ይጠብባል፤ ለፖርትሬት በጣም ይሆናል። ሙሽራዋን መስኮት አጠገብ አቁመህ ሞክረው፣ ትወደዋለህ። ሁለት ሰው ስታነሳ ግን 1.8 ላይ አንዱ ከፎከስ ይወጣብሃል፤ ወደ 2.8 ወይም 4 ዝጋው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጀርባህ ግድግዳ ይነካል፤ ያኔ ወደ 18-55ቱ ተመለስ።

ለመግዛት ከመወሰንህ በፊት አንድ ነገር አድርግ። 18-55ቱን 50 ላይ አድርገህ የዙም ቀለበቱን በፕላስተር ለጥፈው። አንድ ሳምንት እንደዚያ አንሳ። እይታው ይስማማህ እንደሆነ ያለ ምንም ወጪ ታውቀዋለህ።

ቀጥሎ ሰፊ እይታ ያለውን 10-18 ግዛ። ላሊበላ ሄደህ ቤተ ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ወርደህ ቀና ስትል፣ በ18 ሙሉውን ማስገባት ምን ያህል እንደሚቸግር ታየዋለህ። ብርሃን ብዙም አያስገባም፣ ግን ሕንጻ አይንቀሳቀስም፤ ማረጋጊያው ይበቃል። ሰው ጠርዝ ላይ አታስገባ፣ ፊቱ ይለጠጣል።

ሩቅ ማንሻው ሌንስ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ እሱም 55-250 ኤስቲኤም ይሁን። ያሰብከው 75-300 ማረጋጊያ የለውም፤ 300 ላይ የእጅህን ትንሽ ንቅናቄ ሁሉ ታይበታለህ። ስሜን ተራሮች ላይ ጭላዳዎቹ ዝም ብለህ ከተቀመጥክ ጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ሳር ሲነጩ ታገኛቸዋለህ። 250 ለነሱ ከበቂ በላይ ነው። ጥምቀትም ላይ የምወዳቸው ፎቶዎቼ ከካህናቱ አጠገብ፣ ጸናጽሉ በሚሰማበት ርቀት፣ በዚያው በ18-55 የተነሱት ናቸው። አትሽጠው። ጎንደር ፋሲለደስ መዋኛ ከሄድክ ፌስታል ያዝ፤ ጠበሉ ሲረጭ ለካሜራ አይራራም።

ያገለገለ የምትገዛ ከሆነ እኔ የደረሰብኝ አይድረስብህ። ከአንድ ሱቅ ውጩ የሚያብረቀርቅ ሌንስ ገዛሁ። ፀሐይ ፊት ለፊት በመጣች ቁጥር ፎቶው ጭጋግ ይለብሳል። ለካ ውስጡ ሻጋታ ነበረው። አንተ ግን ክዳኖቹን ከፊትም ከኋላም አውጣና የስልክህን መብራት በአንድ ወገን አብራበት። በሌላው ወገን ስታይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካለ መልስለት። ከዚያ ካሜራህ ላይ ግጠመውና አንዴ ቅርብ፣ አንዴ ሩቅ ፎከስ አስይዘው። የሚንቀረፈፍ ወይም የሚያንቋቋ ከሆነ ዋጋው ቢቀነስልህም አትውሰደው።