«ሳጥኖቹን ሞልቻለሁ» አይበቃም

እህቴ፣ የጻፍሽልኝ ባጭሩ ይህ ነው፦ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተመርቀሻል፤ ለአንድ የድረ ገጽ አስተናጋጅ ድርጅት የደንበኞች ድጋፍ ሥራ አመልክተሽ የተግባር ፈተና ተሰጠሽ። ሲፓኔል የተባለውን የድረ ገጽ ማስተዳደሪያ ፓኔል ከፍተሽ ለኢንተርኔት ስልክ የኤስአርቪ መዝገብ፣ ማለትም አገልግሎት የት እንደሚገኝ የሚናገር የዲኤንኤስ (የኢንተርኔት ስም ማውጫ) መዝገብ፣ እንድትጨምሪ ታዘዝሽ። ታርጌት በሚለው ላይ የሰርቨሩን አይፒ አድራሻ አስገብተሽ ሁሉንም ሞላሽ፣ አስቀመጥሽ፣ ወደቅሽ። አሁን ከፍለሽ የሲፓኔል ኮርስ ልትማሪ ነው።

ገንዘብሽን ያዢ። ፓኔል ቅጽ ነው፤ ሌላ ድርጅት ሌላ ቅጽ ያቀርብልሻል። ከሥሩ ያለው መዝገብ ግን እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው አርኤፍሲ 2782 በተባለ የኢንተርኔት መስፈርት ሰነድ የተደነገገ ነው፤ ቅርጹም ዛሬ ድረስ ያው ነው። መማር ያለብሽ እርሱን ነው፤ ሰነዱም በነፃ ይነበባል።

ኤ የተባለው መዝገብ ስምን ከአድራሻ ጋር ያገናኛል እንጂ ስለ ፖርት (አገልግሎቱ በሰርቨሩ ላይ ስለሚገኝበት የበር ቁጥር) አይናገርም። ኤስአርቪ ግን አገልግሎቱ በየትኛው ሰርቨርና በየትኛው ፖርት እንደሚገኝ ይናገራል፤ ሲፕ ለተባለው የኢንተርኔት ስልክ ፕሮቶኮል የተለመደው ፖርት 5060 ነው። በስሙ ውስጥ አገልግሎቱና ፕሮቶኮሉ እያንዳንዳቸው በአንደርስኮር (_) ይጀምራሉ። ፕራዮሪቲ (የቅደም ተከተል ቁጥር) ላይ ብዙ ሰው የሚገምተው ተገላቢጦሹን ነው፤ የሚቀድመው ትንሹ ቁጥር ነው። 10 ያለው ሰርቨር አልመልስ ሲል ነው 20 ያለው የሚጠየቀው። ፕራዮሪቲያቸው እኩል ሲሆን ዌይት (የድርሻ ቁጥር) ጭነቱን ያካፍላል፦ አንዱ 60፣ ሌላው 20 ቢሆን ከአራት ጥያቄ ሦስቱ ያህል ወደ መጀመሪያው ይሄዳል።

አንቺን የጣለሽ ታርጌት ነው። እዚያ የሚገባው የሰርቨር ስም ነው፤ ያ ስም ደግሞ የራሱ የአድራሻ መዝገብ ያለው መሆን አለበት፣ ሲኔም የሆነ ቅጽል ስምም አይፈቀድም። ፓኔሉ ዝም ብሎ መቀበሉ ትክክል መሆንሽን አያሳይም። አንዳንዱ ፓኔል የዶሜይኑን ስም ራሱ ስለሚጨምር፣ ሙሉውን ስም የጻፈ ሰው ዶሜይኑ ሁለት ጊዜ የተደገመበት መዝገብ ይዞ ይቀራል። ከሁሉ የሚያናድደው ግን የዶሜይኑ ኔምሰርቨር (ስለ ዶሜይኑ መዝገቦች መልስ የሚሰጠው ሰርቨር) ሌላ ቦታ ሆኖ ሳለ እዚህ ፓኔል ላይ መድከም ነው። እንከን የሌለበት መዝገብ ታስገቢያለሽ፤ የሚጠይቀው ግን የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ ኔምሰርቨሩ የት እንደሆነ እይ። መዝገቡን ካስቀመጥሽ በኋላ ከፓኔሉ ውጪ፣ ዲግ ወይም ኤንኤስሉክአፕ በተባሉ የዲኤንኤስ መጠየቂያ ትእዛዞች፣ የመዝገቡን ዓይነት ኤስአርቪ ብለሽ ኔምሰርቨሩን ራሱን ጠይቂ፤ ቀጥሎም አንድ የሕዝብ ሪዞልቨር (ለጠየቀው ሁሉ መዝገብ ፈልጎ የሚመልስ ሰርቨር)። ቲቲኤሉ (መልሱ ተቀምጦ የሚቆይበት ጊዜ) 3600 ሰከንድ ከነበረ የድሮው መልስ እስከ አንድ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። መዝገቡ ሳይፈጠር ጠይቀሽ ከሆነም «የለም» የሚለው መልስ ለጊዜው ይቀመጣል። ይህን ለተበሳጨ ደንበኛ በእርጋታ ማስረዳት የሚችል ሰው ነው ቀጣሪ የሚፈልገው፤ በእኔ ግምት ፈታኞችሽም የጠበቁት ይህንኑ ነበር።

በእርግጥ በድጋፍ ሥራ ላይ ከኤስአርቪ ይልቅ የኢሜይል መዝገቦች፣ ኤምኤክስና ኤስፒኤፍ፣ አብዝተው ያደክሙሻል። ነገር ግን በማይክሮሶፍት አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የድርጅት ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች ማስተዳደሪያ) ሥር ያሉ ኮምፒውተሮች ዶሜይን ኮንትሮለራቸውን፣ ማለትም መግቢያቸውን የሚያረጋግጠውን ሰርቨር፣ የሚያገኙት በኤስአርቪ ነው። ወደ ኔትወርክ አስተዳደር ለማደግ ካሰብሽ ዕውቀቱ አብሮሽ ይሄዳል።

ለኮርሱ ካሰብሽው ጥቂቱን አንስተሽ ርካሽ ዶሜይን ግዢ። መዝገቡን ሥሪ፣ ሆን ብለሽ አበላሺ፣ ዲግ ምን እንደመለሰ ጻፊ፣ አስተካክይ። ሲቪሽ ላይ «ሲፓኔል እችላለሁ» የሚለውን ሰርዘሽ ይህን የአንድ ገጽ ማስታወሻ አያይዢ። ያው ድርጅት እንደገና ማስታወቂያ ቢያወጣም ከማመልከት አትመለሺ።