ርኁቀ መዓት፦ ስለ ቁጣ ለወጣቶች የጻፍሁት

ልጆቼ ሆይ፣

በ102ኛው መዝሙር «መሓሪ ወመስተሣህል እግዚአብሔር፤ ርኁቀ መዓት ወብዙኀ ምሕረት» የሚል ቃል አለ። በልጅነቴ ዳዊት ስደግም በዜማው ብቻ አልፌው የነበረው ይህ ቃል፣ 30 ዓመት በዳኝነት ወንበር ተቀምጬ ጡረታ ከወጣሁና ባሕር ዳር ላይ ጣናን እያየሁ መዋል ከጀመርሁ ወዲህ ከሐሳቤ አልጠፋ ብሏል። መዝሙረኛው እግዚአብሔር አይቆጣም አላለም፤ ቁጣው ሩቅ ነው አለ እንጂ። መዓት በግእዝ ቁጣ ነው። ዛሬ «መዓት ሰው መጣ» ስንል የምናስበው ብዛትን ነው፤ ምናልባት የቀደሙት ሰዎች ቁጣን እንደ አንበጣ ወርዶ አገር የሚሞላ አድርገው አይተውት ይሆናል።

የወንጀል ሕጋችንም ይህን ርቀት ያውቀዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በአንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያን ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ሲቀጣ፣ ከባድ በሆነ ማነሣሣት ወይም በብርቱ የስሜት ግፊት የገደለውን ግን፣ ሁኔታው በመጠኑም ቢሆን ይቅር የሚያሰኝ ሲሆን፣ በአንቀጽ 541 ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ያየዋል። ስለዚህ በችሎት ደጋግሜ የምጠይቀው ከስድቡ እስከ ዱላው ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ ነበር። በእርሻ ወሰን ተጣልቶ እዚያው በያዘው ዱላ የመታውም፣ ቤቱ ገብቶ እራቱን በልቶ ጠመንጃውን ወልውሎ ጎህ ሲቀድ ያደፈጠውም «ተናድጄ ነው» ይላሉ፤ የሁለተኛው ግን ንዴት ሳይሆን ቂም ነው። ቂመኛ የተሰጠውን ጊዜ ለመብረጃ ሳይሆን ለመሳያ ይጠቀምበታልና፣ ጊዜ ብቻውን ያበርዳል ብላችሁ አትዘናጉ።

ከግሪኮች የሆሜር የጦርነት ግጥም፣ ኢልያድ፣ የሚጀምረው «ቁጣ» በሚለው ቃል ነው፤ እኔ ግን ለወጣቶች የምመክረው መጨረሻውን፣ 24ኛውን ክፍል እንድታነቡ ነው። ሽማግሌው የትሮይ ንጉሥ ፕሪያም በሌሊት ልጁን ወደ ገደለው ወደ ግሪኩ ጀግና ወደ አኪሌስ ድንኳን ገብቶ እነዚያን እጆች ይስማል፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ሟች አስበው ያለቅሳሉ። ይሁን እንጂ የአኪሌስ ቁጣ አልሞተም፤ «አታስቆጣኝ፣ እንግድነትህን ረስቼ እንዳልጎዳህ» ሲል ሽማግሌውን ያስጠነቅቀዋል። ጀግንነቱ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው፦ የገዛ ቁጣው የት እንደቆመ ያውቃል፣ ያውቃልና አስቀድሞ ይናገራል። ከዚያም ለልቅሶና ለቀብር 11 ቀን ውጊያው እንዲቆም ይፈቅዳል። ጦርነቱ አላበቃም፤ በመካከሉ ግን 11 ቀን ገባ።

ትንቢተ ዮናስ ነገሩን ይገለብጠዋል። ነነዌ በሦስት ቀን መንገድ የምትለካ ከተማ ናት፤ ሕዝቧ ማቅ ለብሶ ሲጾም የእግዚአብሔር መዓት ተመለሰ፣ የነቢዩ ቁጣ ግን ነደደ። ከከተማዋ ወጥቶ ዳስ ሠርቶ ምን እንደሚደርስባት ለማየት ተቀመጠ። «በውኑ ትቈጣ ዘንድ ይገባሃልን?» የተባለውም እዚህ ላይ ነው። በየዓመቱ ጾመ ነነዌ በመጣ ቁጥር እኛ ራሳችንን ከነነዌ ሰዎች ጋር እንቆጥራለን፤ እኔ ግን ከዮናስ ዳስ ሥር የተቀመጥን ብዙዎች ይመስሉኛል። ድርቅ ወይም ደዌ በማንወደው ሰው ላይ ሲወርድ «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» ለማለት የምንፈጥነው ለምንድን ነው? የራሳችሁን ንዴት በእግዚአብሔር ስም አትጥሩት። ሐዋርያው ያዕቆብ የሰው ቁጣ የእግዚአብሔርን ጽድቅ አይሠራም ያለው ለዳኞችም ጭምር ነው፤ ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው።

ወጣት ዳኛ ሳለሁ በአንድ ችሎት የቀረቡ አረጋዊ ምስክር የጠየቅኋቸውን ትተው ሌላ ይመልሱልኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠየቅኋቸው፤ በአራተኛው ጮኽሁባቸው፣ ችሎት ደፍረዋል ብዬም እስከ ማታ አሳሰርኋቸው። የአንድ ጆሯቸው መስማት እንደተሳነው የነገረኝ በማግስቱ ጸሐፊው ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ስንሻገር፣ እኚያን ሰው በጀልባው ላይ አገኘኋቸው። በኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ 78 ነፍስ የበላው በላዔ ሰብእ፣ ለተጠማ ሰው በሰጠው ጥርኝ ውኃ ሲማር የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ ይህንን ሥዕል ለመሳለም እየሄድሁ ዝም ማለት አልቻልሁምና ተጠግቼ «አባቴ፣ ያን ጊዜ በድዬዎታለሁ፣ ይማሩኝ» አልኋቸው። ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። የጀልባው ሞተር ይጮኽ ነበር፤ እኔም የተቀመጥሁት በየትኛው ጆሯቸው በኩል እንደነበር አላስተዋልሁም።