መልስ፦ ልጄ በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ብቻ ለምን ዝም ይላል?

እህቴ፣ የ7ኛ ክፍል ልጅሽ በእንግሊዝኛ እጁን ሲያወጣ ይውላል፣ በሂሳብ ግን ድምፁ አይሰማም ብለሻል። ስንፍና ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ይታይ ነበር። እኔም እዚሁ ደሴ አስተምራለሁ።

መጀመሪያ የማየው፣ መምህሩ ጠይቆ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ ብዙ መምህራን የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አስተዋለች። ጥበቃው ወደ 3 ሰከንድ ሲያድግ መልሶቹ ረዘሙ፣ ዝምተኞቹም መናገር ጀመሩ። የጦሳ ተራራ ብርድ መስኮቱን ባዘጋበት የታጨቀ ክፍል ግን 3 ሰከንድ ብዙ ነው። ከኋላ ጫጫታ ይነሳል። ልጅሽ ገና እያሰላ፣ መልሱ ከፊት ወንበር ይወጣል።

ስህተትስ እንዴት ይስተናገዳል? «ተሳስተሃል፣ ተቀመጥ» እና «እስከ ሁለተኛው መስመር ልክ ነህ፣ ምልክቷን እያት» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ልጆች ሲስቁ መምህሩ አብሮ ከሳቀማ አለቀ።

ጥብቅነት በራሱ ችግር አይደለም። ኮስታራ ሆነው የሚወደዱ ቲቸሮች አሉ፤ ደብተር አርመው ይመልሳሉ፣ የልጁን ስም ያውቃሉ። ቀልደኛነትን እንደውም ሰው ያጋንነዋል።

ልጅሽን «ለምን ዝም ትላለህ?» አትበይው። «ዛሬ ቲቸር ማንን ጠየቁ? ሲሳሳትስ ምን አሉት?» በይው። ከዚያ የወላጅ ስብሰባ ሳትጠብቂ በእረፍት ሰዓት ብቅ በይና አናግሪያቸው። በክስ አትጀምሪ፤ «ቤት ይሠራዋል፣ ክፍል ውስጥ ግን ይፈራል» ካልሻቸው ይበቃል።