«ውድ ፕሮፌሰር፣ ፔፐርዎ ተቀባይነት አግኝቷል»

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ሦስቱ ሳይነጋገሩ ስለ አንድ ነገር ሆኑብኝ፣ ስለ ኮንፈረንስ። የኮምፒውተር ሰዎች ፔፐር (የጥናት ጽሑፍ) ይዘው የሚሄዱበትን ማለቴ ነው። በአንድ ላይ ልመልሳቸው ብዬ ነው፣ ፍሪጅ የተበላሸባችሁ አንባቢዎች በሚቀጥለው ወር እመለስባችኋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ካልተናገርኩ በቀር በፈረንጅ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ነህ፣ እኔ አንድ ክልል ላይ ያለ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አሲስታንት ሌክቸረር ነኝ፣ ማስተርሴን የሠራሁት ቴሌግራም ላይ ባሉ የመገበያያ ግሩፖች ውስጥ ሰው የማያውቀውን ሻጭ እንዴት እንደሚያምን ነው። በቅርቡ «ውድ ፕሮፌሰር» የሚል ኢሜል መጣልኝ፣ የአፕላይድ ኮምፒውቲንግና የኦንላይን ኮሚኒቲ ኮንፈረንስ አለ ፔፐርዎን ይላኩ ይላል፣ ላክሁ፣ በ3ኛው ቀን ተቀብለናል አሉኝ። ሪቪው ብለው የላኩልኝ ሁለት መስመር ነው፣ «ሥራው ጥሩ ነው፣ እንግሊዝኛው ይታይ»። አሁን 450 ዶላር በ5 ቀን ውስጥ ክፈዪ እያሉኝ ነው። ለእድገት ፔፐር ያስፈልገኛል፣ ውጭ ያለው ወንድሜ እኔ እከፍላለሁ ብሏል። ይክፈል?

መልስ፦ አይክፈል እህቴ። ዶላሩን ለሌላ ነገር ያስቀምጥልሽ።

ሲጀመር አሲስታንት ሌክቸረርን «ውድ ፕሮፌሰር» የሚል ሰው አንቺን አያውቅሽም፣ ኢሜልሽን ከሆነ ዝርዝር ላይ ለቅሞ ነው። ደግሞ 3 ቀን! በ3 ቀን እንኳን ፔፐር የሠርግ ካርድም በደንብ አይነበብ። ደህና ቦታ ላይ ፔፐርሽን ሁለት ሦስት ሰው ያነበዋል፣ ሁሉም የራሱ ማስተማርና የራሱ ጥናት ያለበት፣ በነፃ የሚያነብ ሰው ነው፣ ስለዚህ ሳምንታት ሲብስም ወራት ይፈጃል። ሳክ የሚባለውን ውሰጂ፣ ኤሲኤም የሚባለው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር የአፕላይድ ኮምፒውቲንግ ሲምፖዚየም ማለት ነው፣ በ2025 ጣሊያን ካታኒያ ላይ 40ኛውን ያደረገ፣ እዛ ፔፐር የሚገባው በመስከረምና ጥቅምት አካባቢ ሆኖ ጉባኤው የሚደረገው መጋቢት ላይ ነው። ውድቅ ሆኖ የሚመለስ ፔፐር ራሱ ገጽ ሙሉ አስተያየት ተሸክሞ ነው የሚመጣው፣ እኔ ከማውቀው ግማሹን የተማርኩት ከእንዲህ ዓይነት ስድብ ነው ብል አልዋሸሁም።

እኔም ገብቼበታለሁ፣ አልደብቅሽም። ድሮ አንድ የባሕረ ሰላጤ ከተማ ሆቴል ውስጥ ለሚደረግ ኮንፈረንስ ከፍዬ ሄድኩ። በሩ ላይ የተሰቀለው ባነር አራት ኮንፈረንስ ይላል፣ የኮምፒውተር፣ የነርሲንግ፣ የእርሻና የቢዝነስ፣ አዳራሹ ግን አንድ ነው። ውስጥ 9 ሰዎች ነበርን፣ 9ኛችንም ተራችንን የምንጠብቅ አቅራቢዎች። ከኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ስለ ዶሮ መኖ አቀረበ፣ ቆንጆ ነበር እንዲያውም፣ እኔ ስለ ኔትወርክ 8 ደቂቃ አወራሁ፣ ሰብሳቢው ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ «ጥያቄ? የለም? በሉ ፎቶ» አለ። በቃ፣ ሰርተፊኬቴን ተቀብዬ ወረድኩ። ከዶሮው ሰውዬ ጋር እስካሁን በበዓል እንኳን አደረሰህ እንባባላለን፣ ያተረፍኩት እሱን ብቻ ነው። ባለቤቴ ዛሬም ዶሮ ወጥ በቀረበ ቁጥር ፕሮፌሰር ትለኛለች።

«ኢሜሉ ላይ እኮ የትልቅ አሳታሚ ስም አለ» ትዪኝ ይሆናል። እሱም ዋስትና አይሆንም። በ2005 ሦስት የኤምአይቲ ተማሪዎች ትርጉም የሌለው ፔፐር እየፈበረከ የሚያወጣ ሳይጂን የሚባል ፕሮግራም ጻፉና አንዱን ኦርላንዶ ላይ ለሚደረግ ኮንፈረንስ ላኩት፣ ተቀበሏቸው! ወሬው ሲወጣ ግብዣው ተሰረዘ፣ ልጆቹ ግን እዛው ሆቴል ክፍል ተከራይተው አርቲፊሻል ፂም ለጥፈው የራሳቸውን ጉባኤ አደረጉ። ቀልድ ነው ተብሎ ታለፈ፣ ግን ፕሮግራሙ ለማንም ክፍት ስለነበር ሌላው ለቁም ነገር ተጠቀመበት፣ በ2014 ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሲሪል ላቤ በዚሁ የተፈበረኩ ከ120 በላይ ፔፐሮች ስፕሪንገርና አይትሪፕልኢ ባሳተሟቸው የኮንፈረንስ ጥራዞች ውስጥ አገኘና አሳታሚዎቹ ሰረዟቸው። ማንም አላነበባቸውም ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ እኔ ጋ ያለው መመዘኛ አንድ ነው። ቲሲስሽን ክፈቺና መጨረሻ ላይ ያለውን የማጣቀሻ ዝርዝር እዪ፣ ደጋግመሽ የጠቀስሻቸውን አምስት ሰዎች ስም ያዢ፣ ከዛ ዲቢኤልፒ የሚባለው የኮምፒውተር ፔፐሮች ማውጫ ላይ (ነፃ ነው) ባለፉት ሦስት ዓመታት የት የት እንዳቀረቡ ተመልከቺ። አንቺን የጠራሽ ኮንፈረንስ ላይ ከአምስቱ አንድም ከሌለ እዛ ሄደሽ ማን ይጠይቅሻል? ባንቺ ርዕስ የሚወጡልሽን ገና ሳትፈልጊ ልነግርሽ እችላለሁ፦ ሰዎች በኮምፒውተር አማካይነት አብረው እንዴት እንደሚሠሩ የሚያየው፣ ከ1986 ጀምሮ ያለው ሲኤስሲደብሊው፣ በ2003 አምስተርዳም ላይ የተጀመረው ኮሚኒቲስ ኤንድ ቴክኖሎጂስ፣ ከ2007 ጀምሮ ሶሻል ሚዲያ ላይ የሚያተኩረው አይሲደብሊውኤስኤም። ሳክም ውስጡ ብዙ ትራክ (በርዕስ የተከፈለ ክፍል) ስላለ የሶሻል ኔትወርክ ሥራ ይቀበላል። ኮሚቴ ተብለው የተዘረዘሩትንም ሦስቱን መርጠሽ የራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ገጽ ላይ ግቢና ይሄን ኮንፈረንስ ጠቅሰውት እንደሆነ እዪ፣ ስማቸው ሳያውቁት የተለጠፈባቸው ሰዎች አሉ።

የእድገቱን ነገር በተመለከተ፣ በኮምፒውተር ሳይንስ ከሌላው ሙያ በተለየ ኮንፈረንስ ማለት ዋናው ማሳተሚያ ነው፣ ኮሚቴ ላይ የተቀመጠ የኬሚስትሪ ሰው ይሄን ባያውቅ አይፈረድበትም። «ጆርናል ካልሆነ» ካሉሽ ሲኤስሲደብሊው ከ2017 ጀምሮ ፔፐሮቹን የሚያወጣው በኤሲኤም ጆርናል ላይ ነው፣ እሱን አሳዪያቸው። መግባቱ ግን ከባድ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ የወርክሾፕ ፔፐር ወይ ፖስተር ይበልጥሻል። ከቤት ሳትርቂ ደግሞ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው አይሲቲ ፎር ዲቨሎፕመንት ፎር አፍሪካ የሚባል አለ፣ የ2019ኙን ጥራዝ ስፕሪንገር ነው ያሳተመው፣ ቀጣዩ ጥሪ መቼ እንደሆነ ጠይቂ።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርጊ፣ ለነዚያ ሰዎች «ፔፐሬን አንስቻለሁ» ብለሽ በጽሑፍ ላኪ፣ የኮፒራይት ፎርም ከላኩልሽም እንዳትፈርሚ። ሳይነሳ ሌላ ቦታ ብትልኪው አንድን ሥራ ሁለት ቦታ አስገባች ተብለሽ በነሱ ጥፋት አንቺ ትጠየቂያለሽ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ አዲስ አበባ የፒኤችዲ ተማሪ ነኝ። አውሮፓ ውስጥ ትክክለኛ (አጣርቼ ነው!) ኮንፈረንስ ላይ ፔፐሬ አልፏል፣ ጉባኤው ሊደርስ 7 ሳምንት ቀርቶታል፣ ገና ቪዛ አልጠየቅሁም። እደርሳለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ እንኳን ደስ አለህ፣ ግን ዘግይተሃል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ ባወጣው ውሳኔ የሸንገን ቪዛ መደበኛ ማያ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ሄዷል፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባውም ቪዛ ቀርቷል። 7 ሳምንት 49 ቀን ነው፣ ላይ ደግሞ ቀጠሮ የማግኛ ጊዜ ጨምርበት፣ ሂሳቡን ራስህ ሥራው። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ስለሆነ ለሚቀጥለው ፔፐሩ ያለፈ ዕለት ማታ የግብዣ ደብዳቤ ጠይቅ። ብዙዎቹ ሬጅስትሬሽን ሳይከፈል ደብዳቤ አንሰጥም ይላሉ፣ ያኔ ለፕሮግራም ቼሩ (የፔፐር ምርጫውን ለሚመራው ሰው) በቀጥታ ጻፍና «ቪዛ ከተከለከልኩ ገንዘቡ ይመለሳል ወይ» በል፣ መልሱን በጽሑፍ ያዝ። በኛ 2016 ሐምሌ ላይ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከመቶ ካለፈ ወዲህ ይሄ የሚናቅ ብር አይደለም።

ለአሁኑ ግን ሁለት መንገድ አለህ፣ ወይ በኦንላይን ላቅርብ በል፣ ወይ አብሮህ የጻፈና እዛው ያለ ሰው ያቅርብልህ፣ ፔፐሩ ጥራዙ ውስጥ ይገባል። የቡና ሰዓቱ ያልፍሃል እንጂ። የሚያሳዝነው እሱ ነው፣ ኮንፈረንስ ሲባል ዋናው ነገር ኮሪደሩ ላይ ስለሆነ። የጉዞ ድጋፍም አትርሳ፣ ሳክን የሚያዘጋጀው የኤሲኤም ክፍል ለተማሪ የጉዞ ሽልማት አለው፣ ሌሎቹም ጋ አይጠፋም፣ የማይጠይቅ ነው የማያገኘው።

ይሄ ነገር ያንተ ብቻ እንዳይመስልህ። በ2018 ሞንትሪያል ላይ ኒውሪፕስ የሚባለው ትልቅ የኤአይ ኮንፈረንስ ሲደረግ ብላክ ኢን ኤአይ የሚባለው የጥቁር ተመራማሪዎች ማኅበር አባላት የሆኑ ብዙ አፍሪካውያን ካናዳ ቪዛ ከለከለቻቸው (ማኅበሩን ካቋቋሙት ሁለቱ የኛው ልጆች ናቸው፣ ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ)። ጩኸቱ በረከተና አይሲኤልአር የሚባለው ትልቅ የማሽን ለርኒንግ ኮንፈረንስ ለ2020 አዲስ አበባን መረጠ፣ ሚሊኒየም አዳራሽ ማለት ነው፣ ቦሌ! እኛ ወንበራችን ላይ ተቀምጠን እነሱ ቪዛ ሊጠይቁ። ከዛ ኮሮና መጣና ሁሉም ነገር ኦንላይን ሆነ፣ በ2023 ወደ አፍሪካ ሲመለሱ ኪጋሊ ሄዱ። እኔ እስካሁን አልወጣልኝም። አንተ ግን አፍሪካ ውስጥ የሚደረጉትን ተከታተል፣ በ2017 ጆሃንስበርግ ላይ የጀመረው ዲፕ ለርኒንግ ኢንዳባ የሚባለው የአፍሪካ የኤአይ ጉባኤ በየጊዜው አገር ይቀያይራል፣ ፔፐር ባይኖርህም ለመማር ማመልከት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ የሐበሻ እናቶች የፌስቡክ ግሩፕ አድሚን ነኝ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ግሩፓችሁን አጥንቼ ኮንፈረንስ ላይ ላቅርብ አለኝ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ግን እናቶቹ ስለ ልጆቻቸውም ስለ ባላቸውም ነው የሚጽፉት። ልፍቀድለት?

መልስ፦ እሜቴ፣ ስለጠየቁ እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ አድሚን ዝም ብሎ አፕሩቭ ነው የሚለው። መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲውን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ያሳይዎ፣ አሜሪካ ውስጥ አይአርቢ ይሉታል፣ ልጁ ጨዋ ከሆነ አይከፋውም። ፈቃድ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሬዲት ላይ አንድ ትልቅ የክርክር ግሩፕ ውስጥ ኤአይ የጻፈውን ኮመንት እንደ ሰው እያስመሰሉ ለወራት ሲለጥፉ ቆይተው በ2025 ለአድሚኖቹ የነገሯቸው ካለቀ በኋላ ነው፣ እነሱም የኮሚቴ ሂደት አልፈው ነበር። አባላቱ ተቆጡ፣ ጥናቱም አይታተምም ተባለ። ስለዚህ እናቶቹ አስቀድመው በአማርኛ ይነገራቸው፣ አልፈልግም ያለች ከግሩፑ እንድትወጣ ሳይሆን እሷ የጻፈችው ከጥናቱ እንዲቀር ይሁን።

ከስም ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ጥቅስ ነው። ስምን ከጽሑፉ መሰረዝ ቀላል ነው፣ ግን አንዲት እናት «ልጄ አማርኛ ሲሰማ ጆሮውን ይይዛል» ብላ የጻፈችው ቃል በቃል ፔፐሩ ላይ ከወጣ ግሩፑ ውስጥ ያለ ማንም ሰው ሰርች ላይ አስገብቶ ማን እንደሆነች ያገኛታል፣ ሐበሻ ደግሞ ይተዋወቃል፣ እስከ ቅዳሜ ድረስ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። በእንግሊዝኛ ተርጉሞ፣ ነገሩን ትንሽ ለዋውጦ ይጻፍ። ያወረደውን ነገር የት እንደሚያስቀምጥና መቼ እንደሚያጠፋም በጽሑፍ ይስጥዎ። ሲጨርስ ደግሞ ያገኘውን መጥቶ ለእናቶቹ በላይቭ ይንገራቸው፣ ፒዲኤፍ ለጥፎ እንዳይጠፋ፣ ፒዲኤፍ ማንም አይከፍትም።