ለወጣት የሳይንስ መምህራን

ውድ ወጣት መምህራን፣

ጎንደር ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ልመክራችሁ የምሻው ይህን ነው፤ ሳይንስና ኑሮ የሚገናኙበትን ጥያቄ ወደ ክፍል ስታስገቡ፣ በማስረጃ የሚመለሰውን በሰዎች ጥቅምና ፍላጎት ከሚወሰነው አስቀድማችሁ ለዩ። ወባ በትንኝ ይተላለፋል ወይስ አይተላለፍም ብሎ ተማሪን ለሁለት ከፍሎ ማከራከር ጊዜ ማባከን ነው፤ መልሱ ታውቋልና። አጎበር ለቤተሰቡ ሁሉ ካልበቃ ማን ይቅደም የሚለው ግን ያከራክራል።

እምቦጭን ውሰዱ። ከደቡብ አሜሪካ የመነጨው ይህ አረም በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ፣ በእጅ ይነቀል፣ በማሽን ይታጨድ፣ አረሙን የሚበሉ ጢንዚዛዎች ይለቀቁበት ወይስ ኬሚካል ይረጭበት የሚለው ሲያነጋግር ቆይቷል። ተማሪዎቻችሁ አስቀድመው የአረሙን ጠባይ ይወቁ፦ ተቆራርጦ ከቀረ አካሉ እንደገና እንደሚያቆጠቁጥ፣ ዘሩ ደለል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት እንደሚቆይ፣ በኬሚካል በአንድ ጊዜ የረገፈው ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን አሟጥጦ ዓሣ ሊገድል እንደሚችል። የደምቢያ ገበሬ፣ ዓሣ አስጋሪውና የሐይቁን ውኃ የሚጠጣው ቤተሰብ ስለ አንዱ ኬሚካል የተለያየ ሐሳብ ሊይዙ የሚችሉት ለምን እንደሆነ የሚገባቸው ከዚህ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የከተማ ልጅ ጥፋቱን ሁሉ በገበሬው ላይ መጣል ይቀናዋል፤ ከእርሻ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ አረሙን መመገቡም እውነት ነው። ነገር ግን በከተማችን አጠገብ የሚያልፉት ቀሃና አንገረብ ከመገጭ ጋር ተቀላቅለው የሚገቡት እዚያው ጣና ነው። ተማሪው የሠፈሩ ፍሳሽ የት እንደሚደርስ በካርታ ላይ በጣቱ ሲከተል፣ ነገሩ የሌላ ሰው ጉዳይ መሆኑ ይቀራል፤ እኔ ከዚህ የተሻለ የማስተማሪያ ዘዴ አላገኘሁም።

«ብሔራዊ ፈተና ላይ አይመጣም» የሚሏችሁ ይኖራሉ። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ፣ ሥነ ምህዳርም ሆነ መበስበስ የትምህርቱ አካል ናቸውና በዚህ ብዙ አትድከሙ።

ይልቁንስ የሚያስቸግረው፣ ልጆቻችን የመምህሩን ፊት አንብበው መልስ የሚሰጡ መሆናቸው ነው። ስለዚህ አቋማችሁን ቀድማችሁ አትግለጹ። ኬሚካሉን የደገፈም የተቃወመም እኩል ነጥብ ማግኘት ይችላል፤ የምታርሙት ማስረጃውን ከፍላጎቱ መለየቱንና ምን ዓይነት መረጃ ቢያገኝ ሐሳቡን እንደሚለውጥ መጻፉን ነው። «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብለው ሲያፋጥጧችሁ፣ ወረቀታቸውን ከሰበሰባችሁ በኋላ ከነምክንያቱ ንገሯቸው፤ የማይስማማ ተማሪ ካለም ደወሉ ከመደወሉ በፊት የሚናገርበት ጊዜ ተዉለት።